ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ፦ የሞተር ሳይክል ባትሪና ቻርጅ ችግርን ቤት ውስጥ መለየት

ታሪኩ ሁሌም ያው ነው። ጠዋት ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሯ ግን አልነሳም ትላለች። ባለቤቱ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ለሁለት ሳምንት ሰላም ይሆናል። ከዚያ አዲሱም ይተኛል፣ ሻጩም ይረገማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ወይ ቻርጅ አይደርሰውም፣ ወይ ከልክ በላይ ይደርሰውና ይቃጠላል፣ ወይ ሞተሯ ቆማ ሳለ በድብቅ የሚጠጣው ነገር አለ። ይህ ሳይለይ የተገዛ ባትሪ ተራውን የሚጠብቅ ሟች ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ አትዝለሉ። ባልሞላ ባትሪ ላይ የተወሰደ የቻርጅ ልኬት ያሳስታል። በላላ ተርሚናል (ገመዱ ከባትሪው ጋር የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ ደግሞ ሁሉም ልኬት ያሳስታል። ቁጥሮቹ ባለ 12 ቮልት ለሆኑና የተለመደውን የሊድ አሲድ ባትሪ ለሚጠቀሙ ሞተሮች ናቸው። ባጃጅ ያላችሁም ተጠቀሙበት፤ አሠራሩ ተቀራራቢ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አጠገባችሁ አድርጉ፦

- ዲጂታል ቴስተር (ቮልት፣ ኦምና አምፒር የሚለካው)። ርካሹ ይበቃል።
- የ10 ቁጥር መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ
- የሽቦ ብሩሽ ወይም ብርጭቆ ወረቀት
- ለትንሽ ባትሪ የሚሆን ቻርጀር
- ባትሪያችሁ ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ የባትሪ ውሃ
- ጓንት፣ መነጽር፣ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ

መጀመሪያ ቴስተሩን ራሱን ፈትኑት። አዲስ ባትሪ ድንጋይ ለኩበት። 1.5 ወይም 1.6 ቮልት ካሳየ ደህና ነው። የቴስተሩ የውስጥ ባትሪ ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። 11.9 የነበረው ባትሪ 12.8 ሲመስላችሁ ቀኑን ሙሉ የሌለ ችግር ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

አሁን ማስጠንቀቂያዎቹ። እነዚህን የማያነብ ሰው ቴስተር ባይነካ ይሻላል።

ባትሪ ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ፤ ስትመልሱ ፖዘቲቩን አስቀድሙ። ኔጋቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ ሻንሲውን ከነካ ሾርት ነው። ብረቱ ይግላል፣ ብልጭታ ይረጫል፣ እጅ ያቃጥላል።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው። በእሳት ይፈነዳል። ከከሰል ምድጃ፣ ከሲጋራ፣ ከሻማ አርቁት። መኝታ ቤት ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ።

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አጥቡና ወደ ሐኪም ሂዱ። ቆዳ ላይ ከሆነ በብዙ ውሃ አጥቡ። ወለል ላይ ከፈሰሰ ቤኪንግ ሶዳ በትኑበት፣ መፍላቱን ሲያቆም አጥቡት።

ኢንጅኑ እየሠራ ባትሪውን ነቅላችሁ «ቻርጅ ታደርጋለች ወይስ አታደርግም» ብላችሁ አትሞክሩ። ይህ የሰፈር ዘዴ በጣም የተለመደ ነው፤ በጣምም ውድ ነው። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ ልጓሙን በጥሶ ይወጣል። አምፖል፣ ሬጉሌተር (የቻርጁን ልክ የሚጠብቀው)፣ ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚያዘው) ሊያቃጥል ይችላል።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን አንብቡ

ምንም ሳትፈቱ ቁልፉን ክፈቱ። ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የፍሬን መብራት ሞክሩ። ከዚያ የስታርት ቁልፉን ተጫኑ።

- ምንም የለም፣ አንድም መብራት አይበራም፦ ፊውዝ ወይም የተነቀለ ተርሚናል ነው። ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ፊውዙን አውጥታችሁ እዩ።
- ቀጭ ቀጭ ይላል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፦ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ተርሚናሉ ላልቷል።
- መብራቱ ደማቅ ነው፣ ስታርት ሲነካ ግን ጸጥ ይላል፦ ባትሪው ላይሆን ይችላል። የፍሪሲዮን ስዊች፣ የጎን እግር ስዊች፣ ሪሌይ ወይም ሞተሪኖ (ስታርት ሲነካ ኢንጅኑን የሚያዞረው) ሊሆን ይችላል።
- በእግር ስትመቱ ትነሳለች፣ በቁልፍ አትነሳም፦ ባትሪው ባዶ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች የካንዴላ እሳታቸውን ከባትሪ አይወስዱም፤ ኢንጅኑ ራሱ ያመነጨዋል።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ ከባትሪ ጋር ግንኙነት የለውም። በቀጥታ ከስታተር (ኢንጅኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ጥምጥም) ነው የሚበራው። በሚኒሞ (ኢንጅኑ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር) ይደበዝዛል፣ ነዳጅ ስትሰጡ ይደምቃል። «መብራቴ ደማቅ ነው፣ ስለዚህ ቻርጅ ታደርጋለች» የሚለው ድምዳሜ እዚያ ላይ ዋጋ የለውም። ለመለየት ቀላል ነው፦ ኢንጅኑ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ክፍት ሆኖ የፊት መብራቱ ካልበራ መብራቱ የስታተር ነው። የባትሪን ጉልበት የሚነግራችሁ ክላክስና ፍሬቻ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ተርሚናልና ማሳ

ብዙ ችግር እዚህ ያልቃል። ስለዚህ አታቃልሉት።

1. ቁልፉን ዝጉና አውጡ።
2. ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ከዚያ ፖዘቲቩን።
3. ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ሙቅ ውሃና ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በጥርስ ብሩሽ ቀብታችሁ አጽዱ። ሶዳው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ጥብቅ መሆናቸውን አረጋግጡ።
4. ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። የገመዱን ቀለበት በሁለቱም በኩል።
5. የኔጋቲቩን ገመድ ተከትላችሁ ሻንሲው ወይም ኢንጅኑ ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈልጉ። ፍቱት፣ ቀለምና ዝገቱን አንሱ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ማሳ የሚባለው ይህ ነው። ሰዉ ባትሪው ጋ ያለውን ጫፍ ያጸዳል፣ ይህንኛውን ይረሳል።
6. ፖዘቲቩን መልሱ፣ ከዚያ ኔጋቲቩን። ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ከላይ ቀቡ።

ከታሰረ በኋላ ገመዱን በእጅ ጠምዝዙት። ከዞረ አልጠበቀም። ቡሎኑ አልደርስ ካለና ዳዶው ከስር እየሸሸ ካስቸገረ፣ ከዳዶው ስር ቁራጭ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ፕላስቲክ አስገቡ፤ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ገመዱን ስትጫኑ እንደ ጨው ከተንኮሻኮሸ ወይም ላስቲኩ ካበጠ ውስጡ በልቷል። ማጽዳት አያድነውም፤ ገመዱን ቀይሩ።

ደረጃ 3፦ ባትሪውን አሳርፋችሁ ለኩ

ከነዳችሁ ወይም ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ወዲያው አትለኩ። ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ይላል። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይረፍ። ከቸኮላችሁ የፍሬን መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብሩ፣ አጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና ለኩ።

ቴስተሩን ቀጥታ መስመር ካለበት የቮልት በኩል 20 ላይ አድርጉ። ቀዩ ጫፍ በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ በኔጋቲቭ። ቡሎኑን ሳይሆን የባትሪውን ራስ ንኩ።

- ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት፦ ሙሉ ነው።
- 12.4 አካባቢ፦ ሦስት አራተኛ።
- 12.2 አካባቢ፦ ግማሽ።
- 12.0 አካባቢ፦ ሩብ ቢቀረው ነው።
- ከ11.8 በታች፦ ባዶ።
- 10.5 አካባቢ፣ ቻርጅ ተደርጎም የማይነሳ፦ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል። አትድከሙ፣ ይህ ባትሪ አልቋል።

ልብ በሉ፣ 12.0 «አሥራ ሁለት ቮልት ነው፣ ደህና ነው» የሚባል ቁጥር አይደለም። ባለ 12 ቮልት የሚባል ባትሪ 12 ላይ ከደረሰ ተርቧል።

ደረጃ 4፦ ሙሉ አድርጉትና እንደገና ለኩ

ከ12.6 በታች ከሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሳትሄዱ ቻርጅ አድርጉት።

ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ ጎኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ የላይኛውና የታችኛው ልክ። ፈሳሹ ከታችኛው መስመር በታች ከሆነ የባትሪ ውሃ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ብቻ ጨምሩ። ቻርጁ ካለቀ በኋላ ወደ ላይኛው መስመር አድርሱት፤ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ስለሚያብጥ አስቀድሞ የሞላ ይገነፍላል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የሃይላንድ ውሃም አይሆንም፣ ማዕድን አለበት። አሲድም አትጨምሩ። ከባትሪ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል። አሲድ ላይ አሲድ መጨመር ሳህኖቹን ይበላል። «ትንሽ አሲድ ጨምርበት፣ ይነቃል» የሚላችሁ ባለሙያ ካለ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቆላ አካባቢ የምትነዱ ውሃውን ቶሎ ቶሎ እዩ።

ከዚያ፦

1. ባትሪውን ከሞተሯ አውጡ። አየር ያለበት ቦታ አስቀምጡ።
2. የውሃ ባትሪ ከሆነ ክዳኖቹን ፍቱ። የታሸገውን ዓይነት በጭራሽ አትክፈቱ።
3. ቻርጀሩ ከመብራት ተነቅሎ ሳለ ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቭ አገናኙ። ከዚያ ብቻ ሶኬቱን ሰኩ።
4. የአምፒሩን መጠን የባትሪውን አቅም (ላዩ ላይ የተጻፈውን አምፒር ሰዓት) አንድ አሥረኛ አድርጉ። 5 አምፒር ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ 0.5 አምፒር፣ 9 ከተባለ 0.9። ባዶ ባትሪ በዚህ ልክ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል።
5. በየመሃሉ ጎኑን ዳሱት። ለብ ማለቱ ችግር የለውም። ከጋለ ወይም ካበጠ አቁሙ።

ባትሪ ቤት ወስዳችሁ ከመኪና ባትሪዎች ጋር በትልቁ ቻርጀር እንዳያሰልፉት ንገሯቸው። ለመኪና የሚሆን አምፒር የሞተር ባትሪን በአንድ ሰዓት ሊቀቅለው ይችላል።

ሲያልቅ ነቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ለኩ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለቀጣዩ ፈተና ደርሷል። ሙሉ ተደርጎ አድሮ ከ12.4 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ አይዝም ማለት ነው። ቀይሩት፣ ግን አዲሱን ከማሠራችሁ በፊት ከደረጃ 6 ጀምሮ ያለውን አትተዉ። ለምን እንደሞተ ገና አላወቃችሁም።

ቻርጀሩ ባትሪውን «አላየሁም» ብሎ አልጀምር ካለስ? በጣም የወረደ ባትሪን ዘመናዊ ቻርጀሮች አይለዩትም። ከሌላ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ለጥቂት ደቂቃ አገናኙትና ቻርጀሩን ሞክሩ። ከመኪና ባትሪ ከወሰዳችሁ የመኪናው ሞተር የጠፋ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ስታርት ሲደረግ ለኩ

ሙሉ ቮልት ማሳየት ጉልበት አለው ማለት አይደለም። ጉልበቱ የሚታየው ሸክም ሲሸከም ነው።

ባትሪውን እሰሩ። የቴስተሩን ጫፎች በባትሪው ራስ ላይ ያዙ፤ የሚያግዝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ስታርቱን ከአምስት ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ተጫኑ። ካልተነሳች ሃያ ሰከንድ ያህል አሳርፏት፤ ሞተሪኖው ይግላል።

- ከ10 በላይ ከያዘ፦ ባትሪው ደህና ነው።
- ከ9.6 እስከ 10፦ ደክሟል፣ ግን ገና አለ።
- ከ9 በታች ከወረደ፦ አልቋል።
- 12 ላይ ቆሞ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ፦ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ስዊቾቹንና ሪሌዩን ፈትሹ።
- ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው በስንት ልመና የሚዞር ከሆነ፦ መንገድ ላይ የሚያንቀው አለ። ገመድ፣ ማሳ ወይም የሞተሪኖው ካርቦን።

ሞተሪኖ የሌላት ከሆነች ቁልፉን ከፍታችሁ ፍሬቻውን፣ የፍሬን መብራቱንና ክላክሱን አንድ ላይ ሞክሩ። ጤነኛ ባትሪ ከ12 ብዙ አይርቅም። ከ11.5 በታች የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው።

ደረጃ 6፦ ቻርጅ ታደርጋለች?

ዋናው ፈተና ይህ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

1. ሞተሯን ውጭ፣ አየር ባለበት አቁሙ። በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሱ። የጭስ ጉዳይ ቀልድ አይደለም።
2. ከማስነሳታችሁ በፊት ያለውን ቮልት ጻፉ። ለምሳሌ 12.6።
3. አስነሱ፣ ትንሽ ይሙቃት። በሚኒሞ ለኩ።
4. ነዳጅ ስጧትና በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ ያዟት። መቁጠሪያ ከሌላት በመካከለኛ ፍጥነት ስትነዱ የምትሰሙትን ድምፅ ያህል ነው።
5. የፊት መብራቱን አብርታችሁ ድገሙት።

በከፍተኛው ዙር የምታዩት፦

- ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት፦ ቻርጁ ጤነኛ ነው። ወደ ደረጃ 9 እለፉ።
- ከ13 እስከ 13.4፦ ይመጣል፣ ግን ይንጠባጠባል። ሶኬትና ማሳ ጠርጥሩ።
- ከመነሻው የማይነሳ ወይም ጭራሽ የሚወርድ፦ ቻርጅ የለም። ደረጃ 7።
- ከ15 በላይ፦ ከልክ በላይ ነው። ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁ፣ አምፖል የሚቃጠልባችሁ ለዚህ ነው። ወደ ደረጃ 8 ሂዱ። እስኪስተካከል አትንዷት።

በሚኒሞ 12.9 አይታችሁ አትደንግጡ። ትንሽ ሞተር በሚኒሞ ብዙ አያመነጭም። በርካሽ ቴስተር ቁጥሩ እየዘለለ ካስቸገራችሁ መካከለኛውን ያዙ።

ደረጃ 7፦ ስታተሩን ፈትሹ

ስታተር ኢንጅኑ ጎን ካለው ክዳን ውስጥ የተቀመጠ የመዳብ ጥምጥም ነው። ኤሌክትሪኩ የሚወለደው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ሬጉሌተሩ ይሄዳል። ሬጉሌተሩ ኤሲውን (አቅጣጫው የሚቀያየረውን ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው) ቀይሮ፣ ልኩን ጠብቆ ለባትሪው ይሰጣል። ክዳኑን መክፈት አያስፈልጋችሁም።

ሬጉሌተሩን ፈልጉ፤ ክንፍ ክንፍ ያለው የአልሙኒየም ቁራጭ ነው፣ ከመቀመጫው ስር ወይም ከጎን ሽፋኑ ውስጥ። ወደ እርሱ የሚገባውን ሶኬት ንቀሉ። አሁን በደንብ እዩት። ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቡኒ ተለውጦ ከሆነ፣ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ቀልጦ ከሆነ፣ ወይም ከፒኖቹ አንዱ ጠቁሮ ሌሎቹ ካበሩ ሌባውን አገኛችሁት። የላላ ፒን ይግላል፣ ሲግል የበለጠ ይላላል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። ጫፉን ቆርጣችሁ አዲስ ሶኬት አስገቡ። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለጊዜው ነው፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይመጣል።

ሶኬቱ ደህና ከሆነ ገመዶቹን ቁጠሩ።

ሦስት አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ገመዶች ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ፦

1. ኢንጅኑ ጠፍቶ ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች እርስ በርስ አነካኩ። 0.3 ወይም 0.4 ሊያሳይ ይችላል፤ የቴስተሩ ገመድ የራሱ ነው። ከሚመጣው ቁጥር ላይ ቀንሱት።
2. 1ኛን ከ2ኛ፣ 2ኛን ከ3ኛ፣ 1ኛን ከ3ኛ ለኩ። ሦስቱም ተቀራራቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኦም ያነሱ ወይም በዚያ አካባቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ምንም የማያነብ ከሆነ ጥምጥሙ ተበጥሷል።
3. እያንዳንዱን ከሻንሲው ጋር ለኩ። ምንም መገናኘት የለበትም። ርካሹ ቴስተር በስተግራ 1 ብቻ ካሳየ አልተገናኘም ማለት ነው። ቁጥር ካነበበ ጥምጥሙ ማሳ ነክቷል፤ ስታተሩ ተቃጥሏል።
4. አስነሱ። ቴስተሩን የሞገድ ምልክት ካለበት የኤሲ ቮልት በኩል 200 ላይ አድርጉ። ሦስቱን ጥንድ በሚኒሞም በከፍተኛ ዙርም ለኩ። በከፍተኛ ዙር 40፣ 50፣ ከዚያም በላይ ቮልት ይመጣል። ትልቁ ቁም ነገር መጠኑ ሳይሆን ሦስቱ እኩል መሆናቸው ነው። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በግማሽ ካነሰ ስታተሩ ታሟል።

ባዶውን ጫፍ በእጅ አትንኩ። ይነዝራል።

አንድ ነጭና አንድ ቢጫ ከሆኑ፣ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ እንዳለው፣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የጥምጥሙ አንዱ ጫፍ ሆን ተብሎ ማሳ የታሰረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጩና ቢጫው ከሻንሲው ጋር መገናኘታቸው ጤና ነው፤ አለመገናኘታቸው ነው በሽታው። ብዙ ደህና ስታተር «ሾርት ነው» ተብሎ የሚጣለው ይህን ባለማወቅ ነው። የኤሲ ቮልቱንም እያንዳንዱን ከማሳ ጋር ለኩ፤ ነዳጅ ስትሰጡ ከፍ እያለ መሄድ አለበት።

ደረጃ 8፦ ሬጉሌተሩና መንገዱ

ስታተሩ ጤነኛ ሆኖ ባትሪው ጋ ቻርጅ ካልደረሰ ሁለት ተጠርጣሪ ይቀራል። ከርካሹ ጀምሩ፤ ከገመዱ።

ሶኬቱን መልሱ፣ አስነሱ፣ ነዳጅ ስጡ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ከሬጉሌተሩ በሚወጣው የፖዘቲቭ ገመድ ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ሶኬቱን ሳትነቅሉ ከኋላው መርፌ አስገብታችሁ መንካት ትችላላችሁ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ያ ቮልት መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ፊውዙን፣ የፊውዙን ቤትና ሶኬቱን አጽዱ። ከዚያ ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ቀዩን በሬጉሌተሩ አካል ወይም የማሳ ገመዱ ላይ አድርጉ። ከ0.2 በላይ ከሆነ ማሳው ደካማ ነው። የገመድ ቀለም እንደየስሪቱ ይለያያል፤ በሆንዳ አሠራር የተሠሩት ላይ ማሳ አረንጓዴ ነው።

መንገዱ ንጹሕ ከሆነ ሬጉሌተሩን ነቅላችሁ ቴስተሩ ላይ ባለው የዳዮድ ምልክት ለኩት፤ ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። አንዱን የስታተር ፒን ከፖዘቲቭ መውጫው ጋር ሞክሩ፣ ከዚያ ጫፎቹን ገልብጡ። ባለ ሦስት ገመዱ ላይ በአንድ አቅጣጫ 0.4 እስከ 0.7 አካባቢ (በአንዳንዱ ቴስተር ከ400 እስከ 700)፣ በሌላኛው ምንም አያነብም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ ካነበበ ተቃጥሏል። ለሦስቱም ፒኖች ድገሙት። ይህ ፈተና የተቃጠለውን ይይዛል፣ የሰነፈውን ግን ሁሌም አይይዝም። ቮልቱ ከ15 የሚያልፍ ከሆነና ማሳው ጥሩ ከሆነ፣ በዳዮድ ቢያልፍም ቀይሩት።

አዲሱን ስታስሩ የብረት ገላው ከብረት ጋር ይገናኝ፣ ነፋስም ያግኘው። ዝናብ እንዳይነካው ብላችሁ በፌስታል አትጠቅልሉት። በሥራው ይግላል፤ ካልበረደ ይቃጠላል።

ደረጃ 9፦ ሌሊት የሚጠጣው ማነው?

ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ሞተሯ ሁለት ሦስት ቀን ስትቆም ባትሪ ከጨረሰች የሚጠጣ አለ።

1. ቁልፉን ዝጉ፣ አውጡ። ኔጋቲቩን ፍቱ።
2. የቴስተሩን ቀይ ገመድ ወደ 10 አምፒር ቀዳዳ አዙሩ፣ መራጩንም 10 አምፒር ላይ።
3. ቀዩን ጫፍ በተፈታው ገመድ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ኤሌክትሪኩ አሁን በቴስተሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው።
4. አንብቡ።

በዚህ ሁኔታ ቁልፉን አትክፈቱ፣ ስታርትም አትንኩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ስትጨርሱ ቀዩን ገመድ ወዲያው ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሱ። አምፒር ላይ እንደተሰካ ባትሪ ለመለካት መሞከር ባትሪውን በቴስተሩ ገመድ ሾርት ማድረግ ነው። በርካሾቹ ላይ ያ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ፊውዝ የለውም፤ ገመዱ እጃችሁ ላይ ይቀልጣል።

አላርም የሌላት ሞተር 0.00 ማሳየት አለባት። አላርም ወይም ጂፒኤስ ካላት 0.01፣ 0.02 ይጠበቃል። 0.03 ትንሽ ይመስላል፣ ግን አስሉት፦ በቀን 0.72 አምፒር ሰዓት ነው። ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ በሰባት ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል።

ቁጥሩ ከፍ ካለ አንድ በአንድ ንቀሉ። መጀመሪያ አላርሙን፣ ከዚያ የስልክ ቻርጀሩን፣ ጂፒኤሱን፣ በኋላ የተጨመረውን መብራት። የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደወደቀ እዩ። ሁሉም ተነቅሎ ካልወደቀ የሬጉሌተሩን ሶኬት ንቀሉ። ያኔ ከወደቀ ዳዮዱ ወደ ኋላ እያፈሰሰ ነው። ያም ካልሆነ የቁልፍ ቤቱን ጠርጥሩ፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ።

ሁሉም ደህና፣ ባትሪው ግን ይራባል

ዴሊቨሪ የምትሠሩ ይህን አንብቡ። ልኬቱ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ባትሪያችሁ በየቀኑ የሚወርደው ወጪው ከገቢው ስለሚበልጥ ነው። ቀን ሙሉ አጭር አጭር ጉዞ፣ ትራፊክ ላይ በሚኒሞ መቆም፣ በየበሩ ማጥፋትና በስታርት ማስነሳት። ባለ 35 ዋት የፊት መብራት ከባትሪ የሚሠራ ከሆነ 3 አምፒር ገደማ ይበላል። ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት ወደ 1.8። ስልክ ቻርጅ ማድረግ ወደ 1። ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ይዛችሁ፣ ፍሬቻ እያበራችሁ፣ ስልክ ሰክታችሁ ስትቆሙ ስታተሩ ያንን ሁሉ አይችልም።

መፍትሔው አዲስ ባትሪ አይደለም። የፍሬኑንና የኋላ መብራቱን ኤልኢዲ አድርጉ። የስልክ ቻርጀሩን ቁልፉ ሲዘጋ ከሚጠፋ ገመድ ላይ አስገቡት። በእግር የምትነሳ ከሆነች የጠዋቱን የመጀመሪያ ማስነሳት በእግር አድርጉት። በሳምንት አንድ ሌሊት በቻርጀር አሳድሩት። የኋላ ጎማውን የሚያበራ፣ ሻንሲውን የሚያደምቅ ጌጥ መብራት ካለ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ንቀሉት።

አዲስ ባትሪ መግዛት ግድ ሲሆን

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አምፒር ሰዓቱ፣ ቁመቱና የፖዘቲቩ አቅጣጫ ተመሳሳይ ይሁን። ፖዘቲቩ በሌላ በኩል የሆነ ባትሪ ገመዱ አልደርስ ብሎ ይሳባል፣ ተስቦም ሻንሲ ይነካል። የተሠራበትን ቀን እዩ። ቴስተር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ለኩት፤ ከ12.4 በታች ያለ «አዲስ» መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው።

ደረቅ ሆኖ አሲዱ ለብቻው የሚመጣ ከሆነ አሲዱ ከተጨመረ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ከዚያ በዝግታ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ። አሲድ ሞልቶ ወዲያው የሚያሥር ሻጭ ጊዜ ይቆጥብላችኋል፣ የባትሪውን ዕድሜ ግን ይቀንስባችኋል። የውሃ ባትሪ ከሆነ የመተንፈሻ ቱቦው እንዳይታጠፍና ጫፉ ሰንሰለቱ ላይ እንዳያንጠባጥብ አድርጉ።

ከታሰረ በኋላ ደረጃ 6ን ድገሙ። ያገኛችሁትን ሦስት ቁጥር፣ ማለትም ሳይነሳ፣ በሚኒሞና በከፍተኛ ዙር፣ ከቀኑ ጋር በፕላስተር ጽፋችሁ ባትሪው ላይ ለጥፉ። ወደ ኤሌክትሪሺያን መሄድ ካስፈለገም «ባትሪዬ አይዝም» አትበሉት። «ቆሞ 12.7፣ በከፍተኛ ዙር 12.5፣ ስታተሩ በሦስቱም ጥንድ እኩል 50» በሉት። ያኔ ባትሪ ሊሸጥላችሁ አይሞክርም።